በዐሥራ አንደኛው ሰዓት

የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ኒቆዲሞስ ተብሎ እንደሚጠራ የታወቀ ነው። በዚያ ዕለት ስለሚነበበው ታሪክ ብዙ መናገር አያሻም፤ ከፈሪሳውያን ወገን የሆነ፣ በሕዝቡ ዘንድ አለቃና መምህር ተብሎ የሚከበር ሰው በሌሊት ወደ ጌታችን መጥቶ እንደ ተማረ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። መምህራን በሌሊት የመጣበትን ምክንያት ሲያትቱ፣ አንደኛ አይሁድን ፈርቶ ነው ይላሉ፤ ሁለተኛ ራሱ መምህር ሲሆን ሲማር እንዳይታይ አፍሮ ነው ይላሉ፤ ሦስተኛም ቀን በብዙ ጉዳይ የሚባክን ልብ በሌሊት ይሰበሰባልና ነው ይላሉ። ጌታችንም ቀን በአደባባይ ካልመጣህ አላስተምርህም ብሎ አልመለሰውም። ተማሪው በቻለበት ሰዓት ተቀበለው፤ ሽማግሌው ያቀረበውን የዋህ ጥያቄም ሰምቶ መለሰለት።

ይህን የሚጽፍ ሰው ያ ወንጌል በተነበበ ቁጥር የሚያስበው ቦንጋን ነው። ከፋ ዝናብ የማይለየው፣ ደኑ ከቤት ጓሮ የሚጀምር አገር ነው፤ ቦንጋም በኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናትና ጉሙ ሲወርድ መንገዱ ፈጥኖ ይጨልማል። ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሲወርዱ ሌሎች ደግሞ ዳገቱን ይወጣሉ። አንዷ ቆጮ ሸጣ ከገበያ የተመለሰች እናት ናት፤ አንዱ የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ አንዱ ቅዳሴ የሚያገለግል፣ የሦስት ልጆች አባት የሆነ ዲያቆን ነው። እነዚህ ሁሉ የማታ ተማሪዎች ናቸው። ብዙዎቹም ደብተራቸውን በነጠላቸው ወይም በኮታቸው ሥር ሸሽገው ይሄዳሉ። የሰረቀ ሰው የሰረቀውን መሸሸጉ ያለ ነው፤ የሚማር ሰው ደብተሩን መሸሸጉ ግን የማን ጥፋት ነው?

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ስለ እነዚህ ሰዎች ነው። በጎልማሳነቱ ትምህርቱን ለመቀጠል ለተነሣ ሰው የትምህርት ክፍያውን የሚችልለት፣ መጽሐፍ የሚገዛለት፣ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያስጠናውና የሚመክረው ወገን የሚሠራው ሥራ ምጽዋት ነውን ወይስ ዕዳን መክፈል? ገንዘቡ ያው ገንዘብ፣ መጽሐፉም ያው መጽሐፍ ስለ ሆነ ልዩነት የሌለው ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሰጪውም ተቀባዩም በምን ልብ እንደሚገናኙ የሚወስነው ይህ ጥያቄ ነው። ምጽዋት የሚቀበል ሰው እጁን ይዘረጋል፤ ዕዳው የሚከፈለው ሰው ግን ቀና ብሎ ይቆማል።

በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 20 የተጻፈውን ስለ ወይን አትክልት ባለቤት የተነገረውን ምሳሌ እናስታውስ። ባለቤቱ በጧት፣ በሦስት፣ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት ወጥቶ ሠራተኞችን አሰማራ፤ በዐሥራ አንደኛውም ሰዓት ወጥቶ ሥራ ፈትተው የቆሙ ሌሎችን አገኘ። ለምን እንደ ቆሙ ሲጠይቃቸው የሚቀጥራቸው እንዳጡ ነገሩት። ይህን ክፍል ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ የምንደነቀው በደመወዙ እኩልነት ነው፤ መደነቁም ተገቢ ነው። እኔን ግን ዘወትር የሚያቆመኝ የእነዚያ ሰዎች መልስ ነው። ተኝተን ነበር አላሉም፤ ሥራ ጠልተን ነበር አላሉም። ቀኑን ሙሉ በአደባባይ ቆመው ነበር፤ የጠራቸው ግን አልነበረም። ባለቤቱም ቃላቸውን አልተጠራጠረም፤ ምስክር ጥሩ አላላቸውም። መዘግየታቸውን እንደ ኃጢአት ሳይሆን እንደ ደረሰባቸው ጉዳት ቆጠረው፤ ደመወዙንም ከሁሉ አስቀድሞ ለእነርሱ ሰጠ።

የቦንጋው የማታ ትምህርት በሚጀምርበት ሰዓትና በምሳሌው ሰዓት መካከል ያለው መመሳሰል የአጋጣሚ ነው፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። እነዚህን ሰዎች በጧት ያልጠራቸው ማን ነው?

መልሱ ብዙ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ዓ.ም. ባወጡት ማስታወቂያ ዕድሜው ከ18 እስከ 50 ዓመት የሆነ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ኢትዮጵያዊ ሁሉ ፊደል እንዲማር አሳስበው ነበር። ከዚያም ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» የተባለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ስሙ ብቻውን አንድ ስብከት ይሆናል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ለሚኖር ሰው ያን ማስታወቂያ ማን ያነብለት ነበር? ማንበብ ለማይችል ሰው የተጻፈ ማስታወቂያ ነውና፣ ከጽሑፉ ጋር አብሮ የሚሄድ ሰው ያስፈልገው ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን እስከ ገጠሩ ዘልቋል። ያን ዘመቻ ካዘጋጀው መንግሥት ጋር ቤተ ክርስቲያን ያሳለፈችው መከራ የሚረሳ ባይሆንም፣ እውነቱን መናገር ይገባል፤ በዘመቻው የማስተማሪያ ጽሑፍ ከተዘጋጀባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የከፋና የሞቻ ቋንቋ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ገበሬና ብዙ ባልቴት በገዛ አፋቸው ቋንቋ፣ በግእዝ ፊደል፣ ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፈዋል። ከዚያ በኋላስ? የሚያነቡት መጽሐፍ አልተከተለም፤ የጀመረላቸው ዘማች ወደ አገሩ ሄደ፤ ፊደሉም ቀስ በቀስ ከብዙዎች ጠፋ። ኋላም የአገሩ ቋንቋ ካፊ ኖኖ በላቲን ፊደል መጻፍ ስለ ጀመረ፣ ያኔ የተማረው አያት ዛሬ የልጅ ልጁን ደብተር ቢገልጥ የገዛ ቋንቋውን ማንበብ ይቸግረዋል። የትኛው ፊደል ይሻላል የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሣም፤ ልናገር የፈለግሁት ሁለት ጊዜ ያልተማረ ተብሎ የተቆጠረ ሰው መኖሩን ነው።

ይህ የመንግሥታትና የዘመናት ነገር ነው ብለን እጃችንን ልንታጠብ እንችል ይሆናል። ሊታጠብ የማይችል ሌላ ነገር ግን አለ። በከፋ ምድር ማንጆ የተባሉት ወገኖቻችን ለብዙ ትውልድ ከሌላው ሕዝብ ተለይተው በደን ዳር እንዲኖሩ፣ ከሌላው ቤት እንዳይገቡ፣ በአንድ ዕቃ እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ተደርገው ኖረዋል። አባቶቻቸው አዳኞች ስለ ነበሩና የሚበሉት ሥጋ ከሌላው የተለየ ስለ ነበረ ርኩሳን ተባሉ። ሰው በአርአያ ሥላሴ መፈጠሩን የምንሰብክ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ስላየው ራእይ የምናስተምር ሰዎች ተጠምቀን ሳለን ይህን ልማድ ከቤታችን ፈጥነን አላወጣንም። የዚህም ዳፋ እስከ ትምህርት ቤት ወንበር ደርሷል።

አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙንም መንደሩንም አልጠራም። ዕድሜው ከአርባ አልፏል። በልጅነቱ ሁለተኛ ክፍል ሳለ አብሮት የሚቀመጥ ልጅ ጠፋ። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠብ እንዳይነሣ ብሎ ብቻ ለብቻው ከኋላ በድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ልጁም አንድ ሳምንት በድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ በሁለተኛው ሳምንት አልመጣም። ሠላሳ ዓመት ያህል ቀፎ ሲሰቅል፣ ማገዶ ሲሸጥ፣ በሰው ቡና ውስጥ ሲለቅም ኖረ። ይህን ሰው ለምን አልተማርህም ብሎ የሚጠይቀው ቢኖር ምን ይመልስ? በአደባባይ የቆሙት ሠራተኞች የመለሱትን ነው። እንዲያውም የእርሱ ከዚያ ይብሳል፤ እነዚያን የጠራቸው አጡ፣ እርሱ ግን ተጠርቶ ከገባ በኋላ ተገፍቶ ወጣ።

እናቶቻችንንና እኅቶቻችንንም ከዚህ ቍጥር ማውጣት አይቻልም። ወንድሟ እንዲማር እርስዋ ውኃ ቀዳች፤ ገና ልጅ ሳለች ተዳረች፤ ልጆች ወለደች። አሁን ልጆቿ ሲማሩ አይታ እኔስ ብትል፣ ጎረቤት ምን አቃጣት ይላል። ወንድምየው የተማረው በእርስዋ ጀርባ ከሆነ፣ ለእርስዋ የሚከፈለው የትምህርት ክፍያ ልግስና መባሉ እንዴት ይሆናል?

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይህ ነው፤ ለጎልማሳ ተማሪ የሚደረግ ዕርዳታ የዘገየ ደመወዝ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም። ምጽዋትን ማቃለሌ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል፤ ምጽዋት ከጾምና ከጸሎት ጋር የተቈጠረ ታላቅ ምግባር ነው። ነገር ግን ለባለ ገንዘቡ ገንዘቡን መልሶ ምጽዋት ሰጠሁ የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ ፊተኛውን በደል ይሸፍናል፣ በላዩም ምስጋና ይቀበላል።

ይህን ከተቀበልን አሰጣጣችን ይለወጣል። በጉባኤ መካከል ጎልማሳውን አቁሞ ይህን ሰው እያስተማርነው ነው እያሉ ማሳየት፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ መለጠፍ፣ በየበዓሉ አስጠርቶ እንዲያመሰግን ማድረግ ይቀራል። ዕዳውን ሲከፍል ነጋሪት የሚያስጐስም ማን አለ? ደግሞም ለዘመድና ለወገን ብቻ መምረጥ፣ አንተ የእኛ ሰው ነህ፣ አንተ ግን አይደለህም ማለት ይቀራል። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛቸውን ለትምህርት ሲልኩ ተመልሶ ለተወሰነ ዘመን እንዲያገለግላቸው በውል ያስፈርሙታል፤ ይህ በግልጽ የተጻፈ ስለ ሆነ ነውር የለበትም፤ ተማሪውም አንብቦ ይፈርማል። የሚያስፈራው ያልተጻፈው ውል ነው። ባለጠጋ አንድን ሰው አስተምሮ ዕድሜ ልኩን በደጁ እንዲቆም፣ በክርክር ሁሉ ከእርሱ ጎን እንዲሆን ሲጠብቀው፣ ያ ሰው ከመሃይምነት ወጥቶ ወደ ሌላ ባርነት ገብቷል። እንዲህ ያለ ነጻ የትምህርት ዕድል ነጻ መባሉ ለስሙ ብቻ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት እንደ ነበር የቆሎ ተማሪ ሕይወት ይመሰክራል። ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ጎንደር፣ ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚሄደው ተማሪ ለምድ ለብሶ አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ ስለ እመ ብርሃን እያለ ሲለምን፣ እናቶች የማን ልጅ ነህ ሳይሉ እንጀራቸውን ቈርሰው ይሰጡት ነበር። ያ ተማሪ ኋላ መሪጌታ ወይም የቅኔ መምህር ሲሆን ለዚያች እናት የሚከፍለው አልነበረውም፤ መንደርዋንም ላያውቀው ይችላል። ዕዳውን የሚከፍለው እርሱ ራሱ ለሚያስተምራቸው ተማሪዎች ነበር። አንድ ጽሑፍና አንድ ፊርማ ሳይኖርበት ይህ ያህል ዘመን የጸና የትምህርት ዕርዳታ በሌላ ዓለም መኖሩን እጠራጠራለሁ። ነገር ግን ሥርዓቱ ጐጆውን በጀርባው ይዞ ለሚዞር ወጣት የተሠራ ነው። ሚስትና ልጆች ያሉት፣ እንሰቱን የሚኰተኵት፣ ዕድር የሚከፍል ሰው አኩፋዳ ይዞ ሊወጣ አይችልም፤ ቢወጣም ልጆቹን ማን ያጐርሳቸዋል? ስለዚህ ለእርሱ ሌላ መንገድ እኛ ልናበጅለት ይገባል።

ዛሬ ያለው የክፍያ ሥርዓትም ይህን ሰው ብዙ አያስበውም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ የሚማር ወጣት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ድርሻውን ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲከፍል ተፈቅዶለታል። በማታ፣ በቅዳሜና እሑድ ወይም በርቀት የሚማረው ጎልማሳ ግን ክፍያውን ከኪሱ አስቀድሞ ይከፍላል። በጧት የተጠራው በዱቤ ሲማር በማታ የመጣው በጥሬ ገንዘብ ይማራል ማለት ነው። ቦንጋ ዛሬ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ ዩኒቨርሲቲም አላት፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ሆናለች። በሩ ቀርቧል። በቅርብ ባለ በር ፊት ገንዘብ አጥቶ መቆም ግን ከሩቅ ካለው በር ይልቅ ያማል።

በማታ የሚመጣውም ሰው ቍጥሩ እየቀነሰ የሚሄድ አይምሰለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. የነበረውም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። እነዚያ ሁሉ ወጣቶች ዛሬ በየገበያው፣ በየሞተር ብስክሌቱ፣ በየቡና ማድረቂያው አሉ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሚስት አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ደብተራቸውን በኮታቸው ሥር ሸሽገው ወደ ማታ ትምህርት የሚወጡት እነርሱ ናቸው።

የትምህርት ክፍያ ብቻውን ግን እንደማይበቃ ነገሩን ቀርቦ ያየ ሁሉ ያውቃል። የከፋ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወራት ነው፤ ትምህርት የሚጠናውም በዚያው ወራት ነው። ቀዩ ቡና ፈተና አለብኝ ብሎ አይጠብቅም፤ ካልለቀሙት ይረግፋል፣ ዝንጀሮም ይበላዋል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ከብር ይልቅ የሚጠቅመው፣ ጎረቤቶቹ በፈተናው ሳምንት ደቦ ወጥተው ቡናውን ቢለቅሙለት ነው። ለእናቲቱም ማታ ሕፃኗን የሚይዝላት ሰው ከመጽሐፍ ግዢ ይቀድማል። በየአጥቢያው የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ አለን፤ ሠርግና ልቅሶ በመጣ ጊዜ ድንኳን የምንተክል፣ እንጀራ የምንጋግር፣ ሌሊት የምናድር ሕዝብ ነን። አንድ ማኅበር አንድን ጎልማሳ ተማሪ እንደ ልቅሶ ቤት ቆጥሮ ተራ ቢይዝለት የሚያቅተው አይመስለኝም። እርግጥ ነው፣ ልቅሶ በሦስት ቀን ያልፋል፤ ትምህርት ግን ዓመታትን ይፈጃል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው። የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የሚነግረን ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ገንዘብ አላነሰውም፤ የንግሥት ህንደኬ የግምጃ ቤት ሹም ነበር፤ ሠረገላ ነበረው፤ መጽሐፍም በእጁ ነበረ፤ ማንበብም ይችል ነበር። የጐደለው የሚመራው ሰው ብቻ መሆኑን ራሱ ተናገረ። ፊልጶስም በሩቅ ሆኖ አላስተማረውም፤ ከሠረገላው ሮጦ ደረሰ፤ ተጋብዞም አጠገቡ ተቀመጠ፤ ትምህርቱንም የጀመረው ተማሪው ሲያነብ ከነበረበት ከዚያው ቦታ ነው። በምዕራፍ 18 ደግሞ አጵሎስ የተባለው አንደበተ ርቱዕ ሰው በምኵራብ ሲያስተምር ጐደሎ እንዳለበት አቂላና ጵርስቅላ በሰሙ ጊዜ በሕዝብ ፊት አላረሙትም፤ ወደ ራሳቸው ወስደው የጐደለውን አስረዱት። እነርሱ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ፤ እርሱ ግን ሊቅ ነበር። አስጠኚ ለመሆን ከተማሪው በሁሉ መብለጥ እንደማያስፈልግ ከዚህ እንማራለን።

ይህን በተለይ ለወጣት አስጠኚዎች እላለሁ። በከፋ ደን ውስጥ አርባ ዓመት የኖረ ሰው ንብ በየትኛው ዛፍ አበባ እንደሚሰማራ፣ ኮረሪማ በየትኛው ጥላ እንደሚያፈራ፣ ቀፎ በምን ያህል ከፍታ እንደሚሰቀል ያውቃል። ያ ደን በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የሕይወት ከባቢ ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው ነው፤ የዱር ቡና ዘር ለዓለም የተጠበቀውም በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሒሳብ ስላልገባው ብቻ ምንም እንደማያውቅ ሕፃን የሚገሥጸው ወጣት አስጠኚ ድንጋዩን ለሁለተኛ ጊዜ ያስቀምጥለታል። ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ እንኳ በልጅነቱ ከመምህሩ ጅራፍ ሸሽቶ በዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ ልቡን የመለሰው ደጋግማ ወድቃ የወጣች አንዲት ትል ናት። መምህሩን መውቀሴ አይደለም፤ ጌዴዎን አጎቱ ነበረ፤ ሲመለስም ተቀብሎታል። ጎልማሳ ግን አንድ ጊዜ ከሸሸ የሚመለስበት ጊዜ የለውም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚመረቁ ሁሉ፣ ለማታውም ለርቀቱም፣ የመውጫ ፈተና ግዴታ ሆኗል። ፈተናው መኖሩን አልቃወምም፤ ነገር ግን ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ የሚማረው ሰው የሚፈተነው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከሚውለው ጋር በአንድ ሚዛን ነው። ሚዛኑ አንድ ከሆነ ስንቁን ማስተካከል የእኛ ፋንታ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እኔም ራሴ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ገንዘቡ ጥቂት ነው። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅና የአርባ አምስት ዓመት አባት በአንድ ቀን ቢመጡና ያለው ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ቢሆንስ? ልጅቱ ገና ብዙ ዘመን አላት፤ ትምህርቷም ብዙ ፍሬ ይሰጣል። አንዳንዶች እናትና አባት የተማሩ እንደ ሆነ ልጆቻቸውን ከትምህርት አያስቀሩም፣ ስለዚህ ለአባት የተከፈለ ለልጅም ተከፈለ ብለው ይመልሳሉ። ነገሩ እውነት ቢሆንም ጥያቄውን ማምለጥ ይመስለኛል። ሰው ለልጆቹ ጥቅም ብቻ ሲባል አይማርም፤ ለራሱ ነፍስም ይማራል። እኔ የደረስሁበት ይህ ነው፤ በእውነት አንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ብር ካለ ለልጅቱ ይሰጥ። ዛሬ እርስዋን ብናሳልፋት በዐሥራ አንደኛው ሰዓት የሚቆም ሌላ ሰው እንጨምራለንና። ነገር ግን አባትየውን ሂድ ብሎ መሸኘት አይገባም። አስጠኚ፣ መብራት፣ ደቦ፣ ጊዜ፣ እነዚህ በብር የማይገዙ ናቸውና ለሁለቱም ይበቃሉ። ዕዳ ያለበት ሰው ሁሉን በአንድ ጊዜ መክፈል ቢያቅተው ያለውን ይከፍላል እንጂ ዕዳዬ ተሰረዘ አይልም። ይህ መልስ ለአባትየው መራራ እንደ ሆነ አልክድም።

ተቀባዩስ ምን ዕዳ አለበት? ደመወዙን የተቀበለ ሰው ለከፋዩ የሚሰግድበት ምክንያት የለም፤ ሆኖም ፊልጶስ ከጃንደረባው ዓይን በተሰወረ ጊዜ ጃንደረባው ደስ እያለው መንገዱን እንደ ሄደ ተጽፏል። መምህሩን አልፈለገም፤ በደስታውም ብቻውን አልቀረበትም። ባኮስ ብለው የሚጠሩት አባቶቻችን ወደ አገሩ ተመልሶ ለወገኖቹ ወንጌልን እንደ ነገራቸው ያስተምራሉ። ዕዳው ወደ ፊት ተሻገረ እንጂ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ማታ ተምሮ ስምንተኛን የጨረሰ ሰው ፊደል ለሚቆጥረው ጎረቤቱ አንድ ሰዓት ቢሰጥ፣ ለእርሱ የተከፈለለት ሁሉ በዚያች ሰዓት ተመልሷል።

ያን በድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነገር ሳልጨርስ አልቀርም። ከዓመታት በፊት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ወደ ማታ ትምህርት እንዲመለስ አግባቡት፤ ጥቂት ምእመናን ተባብረው የሚያስፈልገውን ቻሉለት። መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ድረስ ሄደው ያስጠኑታል። በመጀመሪያው ቀን በእርሱ ቤት፣ በእርሱ ዕቃ ቡና ጠጡ፤ ይህም በመንደሩ ብዙ ወሬ አስነሣ። እርሱ ግን ሳይታክት ተማረ፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተናም ተቀመጠ፤ ወደቀም። ከረዱት ምእመናን አንዳንዶቹ ገንዘባችን በከንቱ ቀረ ማለት ጀመሩ፤ ለወጣት ሰጥተነው ቢሆን ያሉም ነበሩ። የሰጡት ምጽዋት ወይም ንግድ ቢሆን ኖሮ ንግግራቸው ተገቢ በሆነ ነበር። የወይኑ ባለቤት ግን የመጨረሻዎቹ ስንት ዘለላ እንደ ለቀሙ መዝኖ አልከፈላቸውም።

መምህሩም ውጤቱ በተነገረ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ቤቱ ሄዱ። ሰውየው አፍሮ ከደጅ ተቀምጦ አገኙት። ክፍልፋይ የሚጀምርበትን ገጽ ገለጡና አጠገቡ ተቀመጡ።